የሦስቱ ነጋቲቮች ምዕራብ፦ አንድ የሲኒራማ ፊልም ታድሶ ወደ ቤት ሲገባ

መግቢያ

አንድ የቆየ ፊልም «ታደሰ» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የደበዘዘ ቀለም መመለሱን፣ የተጫጫረ ምስል መጥራቱንና የተበላሸ ድምፅ መስተካከሉን ነው። በዚህ አስተሳሰብ ውስጥ ያልተነገረ አንድ ግምት አለ። ፊልሙ ቀድሞ አንድና የታወቀ መልክ ነበረው፤ ጊዜ አጎደፈው፤ አዳሹ ጉድፉን አንሥቶ ያንኑ መልክ መለሰው የሚል ግምት ነው። ለአብዛኞቹ ፊልሞች ይህ ግምት ብዙም አያሳስትም፤ በነጋቲቩ ላይ የተቀረጸውና ተመልካቹ በአዳራሽ ያየው ተቀራራቢ ናቸውና። ነገር ግን ፊልሙ ለልዩ አዳራሽ፣ ለጎበጠ ስክሪንና ለሦስት ፕሮጀክተሮች የተሠራ ከሆነ «የቀድሞው መልክ» የሚባለው የትኛው ነው? በነጋቲቩ ላይ ያለው ወይስ በአዳራሹ የታየው?

ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን በአንድ ፊልም አማካይነት ይመረምራል። ፊልሙ በእንግሊዝኛ «ሃው ዘ ዌስት ዎዝ ወን» የተሰኘው፣ በአማርኛ «ምዕራቡ እንዴት ድል ተነሣ» ልንለው የምንችለው፣ በተለምዶ «የካውቦይ ፊልም» ከምንለው ዘውግ ታላላቅ ሥራዎች አንዱ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1962 ለንደን ውስጥ ሲሆን፣ ታድሶ በዲቪዲና በብሉሬይ ለቤት ዕይታ የቀረበው በ2008 በዋርነር ብራዘርስ ነው። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የጽሑፉ ዋና ሐሳብ የሚከተለው ነው። ይህን ፊልም ማደስ የጠፋ አንድ መልክን መመለስ ብቻ አልነበረም፤ እኩል እውነት ያላቸውን ሁለት መልኮች አመዛዝኖ መወሰንን የጠየቀ ሥራ ነበር። ስለዚህ ፊልሙን በዲስክ አይቶ የሚጽፍ ተመራማሪ የትኛውን መልክ እንዳየ ለይቶ መናገር ይጠበቅበታል። ይህ ካልሆነ የመሣሪያውን ጠባይ የዳይሬክተሩ ስልት አድርጎ የመቁጠር አደጋ አለ።

ሲኒራማ፦ አንድ ትዕይንት በሦስት ሌንስ

ሲኒራማን የፈለሰፈው አሜሪካዊው ፍሬድ ዎለር ነው። ዎለር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የአየር ተኳሾች የሚሠለጥኑበትን፣ በአምስት ፕሮጀክተሮች የሚሠራ መሣሪያ አዘጋጅቶ ነበር። የሥራው መነሻ፣ ሰው ጥልቀትንና እንቅስቃሴን የሚረዳው ፊት ለፊቱ ባለው ነገር ብቻ ሳይሆን በዳር ዕይታው ጭምር ነው የሚል ሐሳብ ነው። ይህንኑ ሐሳብ ወደ ሲኒማ አምጥቶ፣ «ይህ ሲኒራማ ነው» የተሰኘው የመጀመሪያው ፊልም ሴፕቴምበር 30 ቀን 1952 በኒው ዮርክ ለሕዝብ ታየ።

የሲኒራማ ካሜራ ሦስት የ35 ሚሊ ሜትር ፊልሞችን በአንድ ጊዜ ይቀርጻል። እያንዳንዱ ፊልም የራሱ ባለ 27 ሚሊ ሜትር ሌንስ አለው። ሦስቱ ሌንሶች ተጠጋግተው የዕይታ መስመሮቻቸው ይጠላለፋሉ፤ በግራ በኩል ያለው ሌንስ የትዕይንቱን የቀኝ ሲሶ፣ በቀኝ በኩል ያለው የግራውን ሲሶ፣ የመካከለኛው ደግሞ መሐሉን ይይዛል። በመደበኛው የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የአንድ ምስል ቁመት አራት የጎን ቀዳዳ ሲሆን፣ በሲኒራማ ግን ስድስት ነው። ሦስቱ ሌንሶች በአንድነት ወደ ጎን 146 ዲግሪ፣ ከላይ ወደ ታች 55 ዲግሪ የሚሸፍን ዕይታ ይሰጣሉ።

በአዳራሹ ውስጥ ሂደቱ ተገልብጦ ይደገማል። ሦስት ፕሮጀክተሮች በሦስት የተለያዩ ክፍሎች ይቀመጣሉ፤ ጨረሮቻቸውም እንደ ካሜራው ሌንሶች ተጠላልፈው በጥልቅ በጎበጠ ስክሪን ላይ ያርፋሉ። ስክሪኑ አንድ ወጥ ጨርቅ አልነበረም። ጎባጣ ስለሆነ በአንደኛው ጫፍ ያረፈው ብርሃን ተንጸባርቆ ወደ ሌላኛው ጫፍ በመሄድ ምስሉን ሊያደበዝዘው ይችላል፤ ይህን ለመከላከል ከ1,000 በሚበልጡ፣ ዘንበል ብለው በተደረደሩ ቋሚ ጥብጣቦች ተሠራ። ድምፁ ምስል በሌለው በአራተኛ ባለ ማግኔት ፊልም ላይ በሰባት ቻናሎች ይቀመጥ ነበር። አምስቱ ቻናሎች ከስክሪኑ ጀርባ፣ ሁለቱ ከተመልካቹ ዙሪያ ይሰማሉ።

ሦስቱ ምስሎች በሚገናኙባቸው ሁለት ቦታዎች ቋሚ መስመር ይታያል። በዚህ ጽሑፍ ይህን መስመር «ስፌት» እንለዋለን። ስፌቱን ለማለዘብ በእያንዳንዱ ፕሮጀክተር ውስጥ የማበጠሪያ ጥርስ የመሰለ ትንሽ ብረት በፍጥነት እየተርገበገበ የምስሉን ጠርዝ እንዲያደበዝዝ ተደርጎ ነበር። ይሁን እንጂ ስፌቱ ፈጽሞ አልጠፋም። የአንዱ ፕሮጀክተር መብራት ከሌላው ጥቂት ከደመቀ፣ ወይም አንዱ ፊልም በበሩ ውስጥ ሲያልፍ ጥቂት ከተንቀጠቀጠ፣ ተመልካቹ ልዩነቱን ወዲያው ያየዋል።

መሣሪያው ከትረካው ጋር ሲገናኝ

የመጀመሪያዎቹ የሲኒራማ ፊልሞች የጉዞና የትዕይንት ፊልሞች ነበሩ። በሦስቱ ፊልም ዘዴ ተቀርጸው ታሪክ የሚተርኩት ፊልሞች ሁለት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም «የግሪም ወንድማማቾች ድንቅ ዓለም» እና እዚህ የምንመረምረው ፊልም ናቸው። ሁለቱም የኤም ጂ ኤምና የሲኒራማ ኩባንያ የጋራ ሥራዎች ሲሆኑ በ1962 ወጡ።

«ምዕራቡ እንዴት ድል ተነሣ» የፕሬስኮት ቤተሰብን ትውልዶች ተከትሎ ከ1839 እስከ 1889 ያለውን ግማሽ ምዕተ ዓመት ይተርካል። ታሪኩ በአምስት ክፍሎች የተከፈለ ነው። የወንዞቹን፣ የሜዳዎቹንና የሽፍቶቹን ክፍሎች ሄንሪ ሃታዌይ፣ የእርስ በርስ ጦርነቱን ጆን ፎርድ፣ የባቡር ሐዲዱን ጆርጅ ማርሻል መርተዋል። ጄምስ ስቱዋርት፣ ካሮል ቤከር፣ ዴቢ ሬይኖልድስ፣ ግሪጎሪ ፔክ፣ ሄንሪ ፎንዳ፣ ጆን ዌይንና ጆርጅ ፔፓርድ ከተዋንያኑ መካከል ናቸው፤ ተራኪው ስፔንሰር ትሬሲ ነው። ፊልሙ በፊልም ጽሑፍ፣ በምስል ቅንብርና በድምፅ ሦስት የኦስካር ሽልማቶችን አግኝቷል። በ1997 ደግሞ የአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ውስጥ ገብቷል።

መሣሪያው ለትረካው ብዙ ቢሰጥም ብዙ ወስዶበታል። ባለ 27 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ የማይለወጥ በመሆኑ የፊትን ቅርብ ምስል በተለመደው መንገድ መውሰድ አይቻልም፤ ካሜራው ተዋናዩን ሊነካው እስኪቃረብ መጠጋት አለበት። ዕይታው እጅግ ሰፊ ስለሆነ መብራቶችና የቀረጻ ሠራተኞች ከምስሉ ውጪ የሚቆሙበት ቦታ ያንሳል፤ ትዕይንቱም ከዳር እስከ ዳር መሰናዳት ይኖርበታል። ሁለት ተዋንያን በሁለት የተለያዩ ምስሎች ውስጥ ቆመው በእውነት ቢተያዩ፣ በአዳራሹ ስክሪን ላይ አንዱ ሌላውን አልፎ የሚያይ ይመስላል። ስለዚህ እርስ በርስ ከመተያየት ይልቅ በተመለከተላቸው ሌላ ነጥብ ላይ ዓይናቸውን ማሳረፍ ነበረባቸው። ዳይሬክተሮቹና ካሜራ ባለሙያዎቹ ስፌቱን ለመደበቅ የዛፍ ግንድ፣ ምሰሶ ወይም የቤት ማዕዘን በመጋጠሚያው ላይ እንዲያርፍ ያደርጉ ነበር። በፊልሙ ውስጥ በርካታ ትዕይንቶች በቋሚ ነገሮች ሦስት ቦታ ተከፍለው የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው።

ከታደሰው ቅጂ በፊት

ሦስት የፕሮጀክተር ክፍሎችና ልዩ ስክሪን የሚጠይቅ ፊልም በየከተማው ሊታይ አይችልም። ስለዚህ ከመጀመሪያዎቹ ልዩ ትዕይንቶች በኋላ ሦስቱ ምስሎች በአንድ የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ላይ ተጣምረው ታትመው ለተራ ሲኒማ ቤቶች ተሠራጩ። በዚህ ጊዜ አንድ መሠረታዊ ለውጥ ተፈጠረ። በአዳራሹ ውስጥ ስፌቱ የትዕይንቱ ጊዜያዊ ክስተት ነበር፤ ባለሙያው መብራቱንና ፕሮጀክተሩን በማስተካከል በየምሽቱ ሊያለዝበው ይችላል። በአንድ ፊልም ላይ ሲታተም ግን የምስሉ ቋሚ አካል ሆነ።

ጉዳቱ በቴሌቪዥን ባሰ። የቀድሞው ቴሌቪዥን የስፋትና የቁመት ምጣኔ 4 ለ3 ነው። እንዲህ ያለውን ስክሪን ከላይ እስከ ታች ለመሙላት ከፊልሙ ስፋት ግማሽ ያህሉን ቆርጦ መጣል ያስፈልጋል። ሙሉ ስፋቱን ለማሳየት ከተሞከረ ደግሞ ምስሉ ወደ ቀጭን ጥብጣብ ይለወጣል፤ ሁለቱ ስፌቶችም በዚያ ጥብጣብ ላይ ጎልተው ይቀራሉ። በቪዲዮ ካሴትና በመጀመሪያዎቹ ዲስኮች ዘመን ያደጉ ተመልካቾችና ተቺዎች ፊልሙን «ሁለት መስመር ያለበት ፊልም» አድርገው ቢያስታውሱት አያስደንቅም።

እድሳቱ ያከናወነው ሥራ

የ2008ቱ ሥራ የጀመረው ተጣምሮ ከታተመው ቅጂ ሳይሆን ከሦስቱ ፊልሞች ነው። ሦስቱ ወደ ዲጂታል ተቀይረው በኮምፒውተር ተገጣጠሙ። የሥራውን ብዛት ለመገመት ቀላል ስሌት ይበቃል። ፊልሙ ከ160 ደቂቃ በላይ ይረዝማል፤ በሰከንድ 24 ምስል ሲታሰብ በአንዱ ፊልም ላይ ከ230,000 በላይ ምስሎች አሉ፤ በሦስቱ ላይ ደግሞ ወደ 700,000 ይጠጋል።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሥራ በሦስት ከፍሎ ማየት ይቻላል። አንደኛው የቀለምና የብርሃን ማስማማት ነው። ሦስቱ ፊልሞች በተመሳሳይ ጊዜ ቢቀረጹም ሌንሶቻቸው፣ በቤተ ሙከራ ያለፉበት ሂደትና እርጅናቸው ፍጹም አንድ አይደለም። ስለዚህ አንድ ሰማይ በሦስት የተለያየ ሰማያዊ ሊወጣ ይችላል። ሁለተኛው የመንቀጥቀጥ ማስተካከያ ነው። እያንዳንዱ ፊልም በየራሱ መንገድ ስለሚንቀሳቀስ፣ በአንድ ፊልም ላይ ቢሆን የማይታወቅ ቅንጣት እንቅስቃሴ በመጋጠሚያው ላይ ይጎላል። ሦስተኛው ስፌቱ ራሱ ነው። ጎረቤት ምስሎች በጠርዛቸው ላይ ጥቂት ይደራረባሉ፤ አዳሾቹ ይህን ተደራራቢ ቦታ ተጠቅመው አንዱ ምስል ወደ ሌላው ቀስ ብሎ እንዲሸጋገር አደረጉ። የተርገበገበው የብረት ማበጠሪያ በከፊል የሠራውን ሥራ ኮምፒውተሩ በተሻለ ጥራት ፈጸመው ማለት ነው። ውጤቱ አስደናቂ ነው። ብሩህ ሰማይ በሚታይባቸው አንዳንድ ቦታዎች የመጋጠሚያው ጥላ ቢቀርም፣ በአብዛኞቹ ትዕይንቶች ተመልካቹ ሆን ብሎ ካልፈለገው አያገኘውም።

የድምፁ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ሰባቱ ቻናሎች ለቤት ሲዘጋጁ ወደ 5.1 ተቀንሰዋል። በአዳራሹ ከስክሪኑ ጀርባ የነበሩት አምስት የድምፅ ምንጮች በቤት ውስጥ ሦስት ሆነዋል። ሰባት ቻናሎች በነበሩበት ጊዜ የአንድ ተዋናይ ድምፅ ስክሪኑ ላይ ከቆመበት ቦታ አካባቢ ይሰማ ነበር፤ በሦስቱ ግን ይህ ዝርዝር ይቀንሳል።

ጠፍጣፋው ምስል ለምን ይሰበራል?

ስፌቱ ከተወገደ በኋላ አንድ ችግር ይቀራል፤ ይህን ችግር ግን ጽዳት አይፈታውም። በታደሰው ጠፍጣፋ ቅጂ ውስጥ ቀጥ ያለ የባቡር ሐዲድ፣ አጥር ወይም የቤት ጣሪያ መጋጠሚያው ላይ ሲደርስ አቅጣጫውን ይለውጣል። ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄድ ሠረገላ መሐሉን ሲያቋርጥ መንገዱን የቀየረ ይመስላል። ምክንያቱን ለመረዳት የሚከተለውን ማሰብ ይጠቅማል።

አንድ ሰው ሦስት መስኮቶች እንደ ግማሽ ክብ ከከበቡት ክፍል መሐል ቆሟል እንበል። ከውጭ ረጅምና ቀጥ ያለ አጥር ይታያል። ሰውየው ከቆመበት ሳይነቃነቅ የአጥሩን መስመር በሦስቱ መስታወቶች ላይ በቀለም ይከተለው። ከዚያው ቦታ ሲያየው የተሣለው መስመር ከእውነተኛው አጥር ጋር ይገጥማል፤ ምንም ስብራት የለውም። አሁን ሦስቱ መስታወቶች ተነቅለው በጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ይጋደሙ። በመካከለኛው መስታወት ላይ ያለው መስመር አግድም ነው፤ በሁለቱ ዳር መስታወቶች ላይ ያለው ግን አዘንብሏል። በየመጋጠሚያውም መስመሩ ተሰብሯል። የተሳሳተ ሥዕል የለም፤ የተለወጠው መስታወቶቹ የነበሩበት ማዕዘን ነው።

ሲኒራማም እንዲሁ ነው። ሦስቱ ምስሎች የተነሡት በሦስት ማዕዘን ሲሆን ትክክለኛ መልካቸውን የሚያገኙት በየማዕዘናቸው ሲታዩ ነው። የጎበጠው ስክሪን ለማስደመም ብቻ የተመረጠ አልነበረም፤ የምስሉ ጂኦሜትሪ የሚሟላበት አካል ነበር። ቴሌቪዥኑ ጠፍጣፋ በመሆኑ መስታወቶቹን ነቅሎ ያጋድማቸዋል። ስለዚህ እጅግ የጠራው ጠፍጣፋ ቅጂ እንኳ በነጋቲቩ ላይ ያለውን በታማኝነት ቢያሳይም ተመልካቹ በአዳራሽ ያየውን አያሳይም።

ለዚህ መፍትሔ የተፈለገው «ስማይልቦክስ» በተባለው አቀራረብ ነው። ይህን አቀራረብ በዋነኛነት ያስፋፋው ስለ ሲኒራማ ታሪክ ዘጋቢ ፊልም የሠራው ዴቪድ ስትሮህማየር ነው። ስማይልቦክስ የጎበጠው ስክሪን ከአዳራሹ መሐል ለተቀመጠ ሰው እንዴት እንደሚታይ አስልቶ ምስሉን ያጎብጠዋል። ሁለቱ ጫፎች ወደ ተመልካቹ የቀረቡ ያህል ይረዝማሉ፤ መሐሉ ያጥራል። የላይኛው ጠርዝ መሐሉ ላይ ዝቅ ስለሚል የፈገግታ ቅርጽ ይይዛል፤ ስሙም ከዚህ የመጣ ነው። በዚህ መልክ ሐዲዱና አጥሩ ወደ ቀጥታቸው ይቀርባሉ፤ በሜዳው የሚጋልበው ፈረስም አቅጣጫውን አይስትም።

ሁለቱም መልኮች ዋጋ ያስከፍላሉ። ጠፍጣፋው ቅጂ ምጣኔው 2.89 ለ1 ያህል ነው። በዛሬው 16 ለ9 ቴሌቪዥን ላይ ሲታይ ከስክሪኑ ቁመት 62 በመቶ ገደማውን ብቻ ይሸፍናል፤ ቀሪው ጥቁር ነው። ስማይልቦክስ በጫፎቹ በኩል ብዙ ቦታ ይጠቀማል፤ ነገር ግን ተዋንያኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆሙበትን መሐል ያሳንሳል። ከዚህም በላይ ጉብጠቱን ቢያስመስልም የዳር ዕይታችንን ሊሞላ አይችልም። የ146 ዲግሪ ዕይታ ሳሎን ውስጥ ባለ ስክሪን ላይ ሲወጣ ከፊታችን ያለ ትንሽ ነገር ነው፤ ዎለር ዋና ነገር ያደረገው የዳር ዕይታ አሁን የሚያየው የሳሎኑን ግድግዳ ነው።

ስፌቱ የማን ነው?

ከዚህ በላይ ያለው የቴክኒክ ማብራሪያ ወደ አንድ የእድሳት ሥነ ምግባር ጥያቄ ይመራናል። በ1962 አዳራሽ ውስጥ የነበረ ተመልካች ሁሉ ስፌቱን አይቷል። እንግዲያው ስፌቱን ማጥፋት ፊልሙን ማደስ ነው ወይስ ኖሮ የማያውቅ ፊልም መፍጠር?

ስፌቱ ይጥፋ የሚሉ ወገኖች ጠንካራ ማስረጃ አላቸው። የሠሪዎቹ ፍላጎት በሥራቸው ተመዝግቧል፤ ምሰሶውና ዛፉ በመጋጠሚያው ላይ የተተከሉት፣ የብረቱ ማበጠሪያም የተርገበገበው ስፌቱ እንዳይታይ ነው። ስፌቱ የታሰበ ውበት ሳይሆን ያልተሸነፈ ችግር ነበር። በሌላ በኩል ግን ምሰሶው ራሱ የስፌቱ ምስክር ነው። ስፌቱ ሲጠፋ ምሰሶው ምክንያቱን ያጣል፤ ዛሬ ፊልሙን የሚያይ ተማሪ በቋሚ ነገሮች የተከፈለውን ትዕይንት የዳይሬክተሩ የቅንብር ምርጫ ብቻ አድርጎ ሊያነበው ይችላል።

ጉዳዩን የሚያወሳስብ ሌላ እውነታም አለ። የፊልሙ ምስሎች ሁሉ በሦስቱ ፊልም ካሜራ አልተቀረጹም። ለአንዳንድ አስቸጋሪ ትዕይንቶች አልትራ ፓናቪዥን 70 የተባለው ባለ አንድ ሌንስ ካሜራ አገልግሏል፤ ቀደም ሲል ከተሠሩት «ሬይንትሪ ካውንቲ» እና «አላሞ» ከተሰኙት ፊልሞች የተወሰዱ ቁርጥራጮችም ገብተዋል። እነዚህ ምስሎች ሲነሡ ስፌት አልነበራቸውም። በሲኒራማ አዳራሽ እንዲታዩ ሲባል በሦስት ተከፍለው ታተሙ፤ ስፌታቸውም ያኔ ተፈጠረ። ለእነዚህ ምስሎች «የመጀመሪያው መልክ» የትኛው ነው ብሎ መጠየቅ በመግቢያው ላይ የጠቀስነው ግምት የት ላይ እንደሚሰናከል በግልጽ ያሳያል።

አንዳንድ ጊዜ መልሱን ዳይሬክተሩ ራሱ ይሰጣል። ማይክል ቺሚኖ በ1980 የወጣው «የገነት በር» የተሰኘ ረጅም የምዕራብ ፊልሙ በ2012 ታድሶ ሲቀርብ ሥራውን ራሱ ተከታትሏል፤ የቀድሞዎቹን ቅጂዎች ቡናማ ቅላጼም አስለውጧል። ይህም የራሱ ክርክር አለው፤ የአረጀው ደራሲ ፍላጎት ከወጣቱ ደራሲ ፍላጎት ይበልጣል ወይ ያሰኛል። በእኛ ፊልም ግን የሚጠየቅ ሰው አልነበረም። ፎርድ በ1973፣ ማርሻል በ1975፣ ሃታዌይ በ1985 አርፈዋል። አዳሾቹ መልሱን ከምስሎቹ ከራሳቸው መፈለግ ነበረባቸው።

በዚህ ረገድ የ2008ቱ ብሉሬይ የወሰደው መንገድ ከመልሱ ይልቅ ለጥያቄው የታመነ ነው። ጠፍጣፋውንና ስማይልቦክሱን ሁለቱንም አቀረበ። አንዱ ነጋቲቩን፣ ሌላው አዳራሹን ይመሰክራል። በ2022 በብሉሬይ የወጣው የ«ግሪም ወንድማማቾች» እድሳትም፣ ውሃ ከጎዳው ነጋቲቭ ተነሥቶ ሳለ፣ ሁለቱን መልኮች አንድ ላይ አቅርቧል።

ስፋቱ እንደ ክርክር

የምስሉ መልክ የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ የፊልሙ ይዘት ያሳያል። ፊልሙ ተራሮችን ከአየር በማሳየት ይጀምርና በ20ኛው መቶ ዓመት የካሊፎርኒያ አውራ ጎዳናዎች ላይ ይጨርሳል፤ ተራኪውም በመካከል ያለውን ታሪክ ከተፈጥሮና ከነባሩ ሕዝብ እጅ ምድርን የመውሰድ ድል አድርጎ ያቀርበዋል። በባቡር ሐዲዱ ክፍል ውስጥ ለአራፓሆ ሕዝብ የተገባው ቃል መፍረሱ ይታያል፤ የአራፓሆዎቹ ምላሽም የጎሽ መንጋ በሠፈሩ ላይ መንዳት ነው። ነገር ግን የፊልሙ አጠቃላይ አቅጣጫ የድሉ ትረካ ነው።

ይህን ትረካ የሚሸከመው ቃሉ ብቻ አይደለም። ከዳር እስከ ዳር ባዶ መስሎ የሚታየው ሜዳ ራሱ «ይህ ሰው አልባ ምድር ነው፤ የሚገባበት ይያዘው» የሚል ክርክር አለው። ተመልካቹ በጎበጠው ስክሪን ውስጥ ተከቦ ሲቀመጥ በሠረገላው ላይ ካሉት መንገደኞች ጋር ምድሪቱ ውስጥ የገባ ያህል ይሰማዋል። ጠፍጣፋው ቅጂ ይህን ስሜት ይቀንሳል፤ ተመልካቹ ከምስሉ ውጪ ሆኖ ያየዋል። ፊልሙ የምዕራቡን ወረራ እንዴት ማራኪ እንዳደረገው ለመተንተን የሚፈልግ ተመራማሪ የማራኪነቱ መሣሪያ በተዳከመበት ቅጂ ብቻ ቢሠራ ትንተናው ይጎድላል።

ለተመራማሪው የሚተርፉ ነጥቦች

ከላይ ከተባለው በመነሣት ለፊልም ጥናት ተማሪዎች አራት ተግባራዊ ምክሮችን ማቅረብ ይቻላል።

አንደኛ፣ በጥቅስ ውስጥ የፊልሙን ርእስና ዓመት ብቻ መጻፍ አይበቃም። የቅጂው ዓመት፣ ዓይነቱና መልኩ፣ ማለትም ጠፍጣፋ ወይስ ስማይልቦክስ መሆኑ መጠቀስ አለበት። በእጅ ጽሑፍ ጥናት ውስጥ የየትኛው ቅጂ ንባብ እንደሆነ መጥቀስ የታወቀ ደንብ ነው፤ ለፊልምም ሊሠራ ይገባል።

ሁለተኛ፣ የቅንብር ትንተና ሲደረግ ሁለቱን መልኮች ማስተያየት ያስፈልጋል። በአንዱ ብቻ የሚታይ ስብራት ወይም መጣመም የመሣሪያው ጠባይ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። በሁለቱም ጸንቶ የሚገኘው የዳይሬክተሩ ምርጫ ለመሆን ይቀርባል። ለምሳሌ በፎርድ የሻይሎ ጦርነት ትዕይንት ውስጥ የሰዎች አቋቋምና የዕይታ አቅጣጫ በዚህ መንገድ ሳይፈተን ስለ ፎርድ ስልት መደምደም አይገባም።

ሦስተኛ፣ የታደሰ ቅጂ ስለ መጀመሪያዎቹ ተመልካቾች ገጠመኝ ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ ጥንቃቄ ያሻል። የ1962ቱ ተመልካች ስፌትን አይቷል፣ የሦስት መብራቶችን ልዩነት አስተውሏል፣ ሰባት ቻናል ሰምቷል። የዛሬው ተመልካች ከእርሱ የጠራ ምስልና ከእርሱ የጠበበ ዓለም ያያል።

አራተኛ፣ የሚቻለው ሰው በሦስት ፕሮጀክተሮች የሚሠራ አዳራሽ ውስጥ አንድ ጊዜ ቢያየው ይመከራል። እንዲህ ያሉ አዳራሾች በዓለም ላይ በጣም ጥቂት ናቸው፤ በእንግሊዝ ብራድፎርድ ከተማ የሚገኘው ፒክቸርቪል ሲኒማ አንዱ ነው። በዲስክ ብቻ የሚያይ ደግሞ ስማይልቦክሱን በትልቅ ስክሪን ላይ፣ ከተለመደው ይልቅ ተጠግቶ ቢያይ ወደ አዳራሹ ገጠመኝ ጥቂት ይቀርባል።

ማጠቃለያ

የ2008ቱ እድሳት ከአርባ ዓመት በላይ በተቆረጠና በመስመር በተከፈለ መልክ ሲታይ የነበረን ፊልም መልሶ ለጥናት አብቅቶታል። ይሁን እንጂ ያገኘነው የ1962ቱን ምሽት አይደለም። ጠፍጣፋው ቅጂ በሦስቱ ነጋቲቮች ላይ ያለውን ከማንኛውም አዳራሽ በላቀ ጥራት ያሳያል፤ ስማይልቦክሱ የአዳራሹን ጂኦሜትሪ በትንሽ ስክሪን ላይ ይተረጉማል፤ ስፌቱ ግን በሁለቱም ውስጥ ከሞላ ጎደል የለም። ስለዚህ የስፌቱ ታሪክ ከምስሉ ወጥቶ በጽሑፍ መቀመጥ አለበት። አዳሹ ያጠፋውን መስመር መዝግቦ ማቆየት፣ ምሰሶው ለምን እዚያ እንደቆመም ለቀጣዩ አንባቢ ማስረዳት የተመራማሪው ድርሻ ነው።